ነጠላ ጋቢና ፒክአፕ ላይ የብረት ወለል ሠርቶ ባጃጅ መጫን ያስተማምናል?

ሱሉልታ_ጥገና

ሰላም ለዚህ ቤት። ሱሉልታ ላይ የባጃጅ ጥገና ቤት አለን። ከጫንጮ፣ ከሙከጡሪ፣ አንዳንዴም ከፍቼ ድረስ ሞተሩ የነከሰ ወይም ካምቢዮው የተበላሸ ባጃጅ እንድናመጣ ይደወልልናል። እስካሁን አይሱዙ እየተከራየን ነው የምናመጣው። ለአንድ ባጃጅ አይሱዙ ሲከራዩ ግን የጥገናው ትርፍ መንገድ ላይ ያልቃል።

የራሳችን ነጠላ ጋቢና ሃይሉክስ አለን፤ ናፍጣ ነው፣ ሊብሬው 10 ኩንታል ይላል። ባጃጅ ባዶውን 3 ኩንታል ተኩል አካባቢ ስለሆነ በክብደት በኩል አልሰጋም። ያስቸገረን ስፋቱ ነው። ካሶኒው (የኋላ መጫኛው) ውስጥ በሁለቱ የጎማ ጉብታዎች መካከል ያለው ቦታ 1.10 ሜትር ገደማ ነው፤ የባጃጁ ስፋት 1.30 ነው፣ የኋላ ጎማዎቹም በዚያ መሃል አይገቡም። በርዝመት ግን ይበቃናል፦ ካሶኒው 2.30 ሜትር፣ ባጃጁ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2 ሜትር።

አንድ ብየዳ ቤት ስፖንዳው (የካሶኒው የጎን ግድግዳ) ላይ የሚቀመጥ የብረት ወለል ልሥራልህ ብሎኛል። ከማሠራቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ሐሳብ እፈልጋለሁ። መንገዳችን በአብዛኛው ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ ያለው ሜዳ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን የተጠገነውን ይዘን በእንጦጦ በኩል ወደ አዲሱ ገበያ እንወርዳለን። የሰው ንብረት ነው የምንጭነው፣ ከኋላችንም ሰው ይሄዳል።

ሰበታ_ፈጣን

ወንድሜ ምንም አትጨነቅ። እኛ ደብል ጋቢና ላይ ከስፖንዳው በላይ ፎቅ ሠርተን ሰበታ፣ ሆለታ፣ ወሊሶ ባጃጅ ስንጭን ዓመታት ተቆጠሩ። አንድም ቀን አልወደቀም። በደንብ ማሰር ብቻ ነው። ባሌስትራ (ከኋላ ያለውን ዝርግ የብረት ሞላ) ሁለት ሁለት ጨምርበት፣ ከዚያ በኋላ መኪናው ጭነት መያዙንም አታውቀውም።

ቱሉ_ዲምቱ_ልጅ

እኔም ሦስት ሞተር ሳይክል የምጭንበት ማሠራት ስለምፈልግ እከታተላለሁ።

የአባይ_በረሃ_ሹፌር

ልጄ፣ እኔ ከባድ መኪና ይዤ በጎሐ ጽዮን በኩል አባይ በረሃን ስወርድና ስወጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። ፒክአፕም ነድቻለሁ። ምክሬ አጭር ነው፦ ሁለትና ሦስት ባጃጅ እስኪጠራቀም ጠብቅና አይሱዙ ተከራይ። ወጪው ይከፋፈላል።

ምክንያቴን ልንገርህ። የሱሉልታን ሜዳ ታውቀዋለህ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ መኪና ይገፋል። ከደርባ በኩል ሲሚንቶ የጫኑ ተሳቢዎች ደግሞ ሲተላለፉህ መጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፉሃል፣ አልፈውህ ሲሄዱ ወደ ራሳቸው ይስቡሃል። ዝቅ ያለ ጭነት ይህን ይችለዋል። ባጃጅ ግን ሸራ የለበሰ ቤት ነው፣ እሱን ከስፖንዳ በላይ ስትሰቅለው ነፋሱ የሚያገኘው ግድግዳ ከጋቢናህ በላይ ይቆማል። መሪህ ላይ ይሰማሃል። እጅህ መሪው ላይ ባለበት ሰዓት ይሻላል፤ ረዳትህን እያወራህ ባለህበት ሰዓት ከመጣ ግን ከአስፋልቱ ጠርዝ ታወርደዋለህ። እዚያ ጠርዝ ላይ ደግሞ አፈሩ ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ ተቆርጧል።

ሱሉልታ_ጥገና

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ የነፋሱን ነገር አላሰብኩትም ነበር። ማጠራቀሙ ግን ለእኛ አይመችም። ባለ ባጃጁ የዕለት ጉርሱ ነው፣ ሦስት ቀን ጠብቅ ካልኩት ሌላ ጋ ይሄዳል። ስለዚህ ጥያቄዬን ላጥብበው፦ አንድ ባጃጅ ብቻ፣ ነጠላ ጋቢና ላይ። ከነጭራሹ አይሆንም ወይስ በሆነ አሠራር ይሆናል?

ቃሊቲ_መሐንዲስ

በሆነ አሠራር ይሆናል። የቀረበልህ አሠራር ግን ያ አይደለም። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ኩንታሉን ብቻ እየቆጠረ ነው።

በክብደት ከሄድን ባጃጁ 350 ኪሎ፣ ወለሉ 100፣ አንተና ረዳትህ 150፣ በድምሩ 600 ኪሎ። ከ10 ኩንታል ገና ብዙ ይቀራል። የሚያሳስበኝ ያ ክብደት የሚቀመጥበት ከፍታ ነው።

በግምት እናስላው። ባዶው መኪናህ 1,700 ኪሎ ይሁን፣ የስበት ማዕከሉ (ክብደቱ ሁሉ እንደተሰበሰበበት የሚቆጠረው ነጥብ) ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሁን፣ ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ 1.50 ሜትር ይሁን። የስፋቱን ግማሽ፣ ማለትም 75ን፣ ለ70 ስታካፍል 1.07 ታገኛለህ። ይህ ቁጥር መኪናው ኩርባ ላይ ከክብደቱ አንጻር ስንት እጥፍ የሆነ የጎን ግፊት ሲያርፍበት የውስጠኛው ጎማ ከመሬት እንደሚነሳ ይነግርሃል። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቶሎ ይገለበጣል።

አሁን ሁለቱን አሠራሮች እናወዳድር። የካሶኒው ወለል ከመሬት 85 ሳንቲ አካባቢ ነው። የጎማ ጉብታው ከዚያ በላይ 25፣ ስፖንዳው 50 ገደማ ይነሳል። ባዶ ባጃጅ የስበት ማዕከሉ ከቆመበት ወለል ግማሽ ሜትር ከፍ ይላል ብለን እንያዝ።

የብረት ወለሉን ከጎማ ጉብታው ጋር እኩል አድርገህ ካሶኒው ውስጥ ብትሠራው ባጃጁ የሚቆመው 1.10 ሜትር ላይ ነው። የመኪናው፣ የወለሉና የባጃጁ የጋራ ማዕከል ወደ 86 ሳንቲ ይወጣል፣ ቁጥራችን 0.87 ይሆናል። ስፖንዳው ላይ ብታደርገው ባጃጁ 1.35 ላይ ይቆማል፣ የብረቱ እግርም ስለሚረዝም ወለሉ ራሱ ይከብዳል። ማዕከሉ 92 ይደርሳል፣ ቁጥሩ 0.82 ይሆናል።

ሰበታ_ፈጣን

ኢንጂነር ከይቅርታ ጋር፣ ከ86 ወደ 92 ስድስት ሳንቲ ሜትር ነው። ለስድስት ሳንቲ ነው ይህ ሁሉ?

ቃሊቲ_መሐንዲስ

ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ዋናውም ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። ደረቅ አስፋልት ላይ ጥሩ ጎማ በጎን የሚይዘው 0.8 ገደማ ነው። ቁጥሩ ከዚያ በደንብ የሚበልጥ መኪና ኩርባ ላይ ፍጥነት ሲበዛበት መጀመሪያ ጎማው ይንሸራተታል። ሹፌሩ ጩኸቱን ይሰማል፣ መኪናው ወደ ውጭ ሲሄድ ያያል፣ ፍጥነት ለመቀነስ ትንሽም ቢሆን ዕድል ያገኛል። ባዶ ፒክአፕ በ1.07 እንዲህ ነው የሚሆነው። ቁጥሩ ወደ 0.8 ሲወርድ ግን ጎማው ገና አስፋልቱን እንደያዘ መኪናው ይነሳል። ሹፌሩን የሚያስጠነቅቅ ምንም ምልክት የለም።

ያሰላሁት ደግሞ መኪናው እንደ ድንጋይ ምንም ሳይተጣጠፍ ነው። በእውነቱ ባሌስትራው ወደ ውጭ ያጋድላል፣ ጎማው ይታጠፋል፣ ባጃጁ በራሱ ሞላ ላይ ይወዛወዛል። እነዚህ ሁሉ ቁጥሩን ወደ ታች ይጎትቱታል። 0.87 የነበረው ከ0.8 አካባቢ ይደርሳል፣ 0.82 የነበረው በግልጽ ከዚያ ይወርዳል። ስድስቱ ሳንቲ ቀድሞ የሚመጣው መንሸራተት ወይም መገልበጥ መሆኑን የሚወስነው ቦታ ላይ ነው ያረፈው። ዝቅተኛው ወለልም ቢሆን ሰፊ መተማመኛ የለውም፤ ፍጥነት እየቀነስክ ካልነዳህ እሱም አያድንህም።

ፍጥነቱንም በቁጥር ላስቀምጠው። ሙሉ ክብ ቢሆን ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 50 ሜትር የሚሆን ኩርባ ውሰድ፣ እንጦጦ መንገድ ላይ እንደዚህ ያለ ጠባብ ኩርባ ያጋጥማል። በሰዓት 40 ብትዞረው የጎን ግፊቱ 0.25 ነው። በ60 ወደ 0.57 ይወጣል። በ70 ደግሞ 0.77። ከ40 ወደ 60 ስትሄድ ፍጥነቱ በግማሽ ብቻ ጨመረ፣ ግፊቱ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። ስለዚህ ባጃጅ ይዘህ ስትወርድ 40ን አትለፍ።

«አንድም ቀን አልወደቀም» ላልከው፣ ወንድሜ፣ አምንሃለሁ። በእርጋታ የምትነዳ ከሆነ ከ0.3 በላይ የጎን ግፊት አጋጥሞህ አያውቅም ይሆናል። የሚያስፈራኝ ልጅ ከመንገዱ ዳር ሮጦ የገባብህ ዕለት ነው፤ መሪውን በአንድ ጊዜ አጥፈህ መልሰህ የምታዞርባት ሰከንድ። ያች ሰከንድ እስክትመጣ ሁሉም ጭነት ደህና ነው።

ለቡ_መካኒክ

ባሌስትራ መጨመር የተባለው ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ጋራዣችን ድረስ መጥቶ ይህንኑ ይጠይቀናል። ባሌስትራ ስትጨምር መኪናው ከኋላ መቀመጡን ይተዋል፣ ያ ብቻ ነው። አክሱ፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ሻንሲው ሁሉም የድሮው ናቸው። ሊብሬው ላይ ያለው 10 ኩንታል አይጨምርም።

ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ ሌላ አለ። ሃይሉክስ ላይ ከኋላ አክሱ በላይ በዘንግ የተያያዘች ቫልቭ አለች። በሻንሲውና በአክሱ መካከል ያለውን ርቀት እያየች ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ትመጥናለች። መኪናው ጭኖ ሲቀመጥ ብዙ ግፊት ትለቃለች፣ ባዶ ሆኖ ከፍ ሲል ትቀንሳለች፣ የኋላ ጎማ እንዳይቆልፍ። ባሌስትራ ጨምረህ መኪናውን ስታነሳው ጭነት ይዘህም ቫልቯ ባዶ ነህ ብላ ታስባለች። ያን ጊዜ የኋላ ፍሬንህ ይዳከማል፣ ሥራው ሁሉ ፊት ላይ ይወድቃል። ባሌስትራ የጨመረ ሰው የዚያችን ቫልቭ ዘንግ እንደገና ማስለካት አለበት። በ350 ኪሎ ግን መጨመር አያስፈልግህም፣ እንዳለ ተወው።

ጎማህንም እይ። ጎኑ ላይ የመጫን አቅም ቁጥር አለ፦ 110 ካለ አንዱ ጎማ 1,060 ኪሎ ይችላል፣ 104 ካለ 900 ኪሎ፣ 100 ካለ 800። ፒክአፕ ላይ የቤት መኪና ጎማ ያስገባ ሰው ብዙ አያለሁ። ነፋሱንም በባዶ መኪና ልክ ሳይሆን አምራቹ ለጭነት ባዘዘው ልክ ሙላ፤ የላላ ጎማ ኩርባ ላይ በጎኑ ይተኛል።

ከካልጋሪ

ሰላም ወገኖች። እኔ የምኖረው ካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ ነው። ልጅነቴ ቡራዩ ነበር፣ ርዕሱን ሳይ አላለፍኩትም።

እዚህ አገር ክረምት ሲገባ ሰዎች ስኖሞቢል የሚባለውን የበረዶ ሞተር ፒክአፕ ላይ እየጫኑ ወደ ተራራ ይሄዳሉ። የሚጭኑት ልክ እናንተ በምትነጋገሩበት ዓይነት ወለል ላይ ነው። ከስፖንዳው በላይ የሚቀመጥ የአሉሚኒየም ወለል አለ፣ እግሮቹ ካሶኒው ውስጥ ይወርዳሉ፣ ሁለት ሞተር ጎን ለጎን ይሸከማል። አንዱ ሞተር ነዳጅ ሞልቶ ከ220 እስከ 270 ኪሎ ይሆናል። ወለሉ ብቻውን 150 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ሁለት ሞተር፣ ወለሉ፣ አራት ወፍራም ልብስ የለበሱ ሰዎችና ዕቃቸው ሲደመሩ የቀላሉ ፒክአፕ አቅም አለቀ ማለት ነው። እዚህም ያው ክርክር አለ፣ አንዱ «ዓመታት ጫንኩ» ይላል፣ ሌላው የሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብብ ይለዋል። ያ ወረቀት የሰውና የጭነት ድምር ከስንት ኪሎ እንደማይበልጥ ለዚያችው መኪና የተጻፈ ነው። ሁለት ሞተር የሚጭን ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ከባድ ፒክአፕ ይገዛል።

ከዚህ ልምድ ለእናንተ የሚጠቅም የመሰለኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የበረዶ ሞተር ጠፍጣፋ ነው፣ ክብደቱ ከታች ነው። ባጃጅ 1.70 ሜትር የሚቆም ነገር ነው። ስለዚህ «ፈረንጅ ከስፖንዳ በላይ ይጭን የለ እንዴ» ብላችሁ እንዳትወስዱት፤ ጭነቱ አንድ አይደለም። ሁለተኛ፣ እዚህ ወለሉን ካሶኒው ቆርቆሮ ላይ ብቻ አስቀምጦ የሚሄድ የለም፣ በመወጠሪያ ብረት ከታች ካለው ጠንካራ ማሰሪያ ጋር ይያያዛል። ሞተሩ ወለሉ ላይ ቢታሰርም ወለሉ ራሱ ካልታሰረ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ገላን_ብየዳ

የመጨረሻው ነጥብ የእኔ ሥራ ስለሆነ ከዚያ ልቀጥል።

ወንድሜ ሱሉልታ፣ መሐንዲሱ እንዳለው ከጎማ ጉብታው ጋር እኩል አሠራው። 40 በ40 ቱቦላሬ፣ ወፍራሙን ምረጥ፤ ላይኛው ላይ ጎርባጣ ላሜራ አልብሰው፣ ዝናብ ላይ ለስላሳው ያንሸራትታል። እግሮቹን በየነጥቡ አታቁማቸው። የካሶኒው ወለል ቀጭን ቆርቆሮ ነው፣ እግር ያረፈበት ሁሉ ይጎደጉዳል፣ ቆይቶም ይቀደዳል። ከታች ሁለት ረጃጅም ቱቦላሬ ከፊት እስከ ኋላ አስተኛ፣ የካሶኒው ተሸካሚ ብረቶች ላይ እንዲያርፉ፣ እግሮቹ እነሱ ላይ ይቁሙ።

ማሰሪያው በቡሎን ይሁን። ቡሎኑ ወለሉን በስቶ ከሥር ወፍራም የብረት ሳህን ይዞ ይጠበቅ፣ ዳዶው የማይፈታው ዓይነት ይሁን። አራት ቦታ ይበቃል። ሻንሲ ላይ ብየዳ አታስነካ! ሙቀቱ ብረቱን ያዳክመዋል፣ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የሻንሲውን የላይና የታች ከንፈር መብሳትም ያው ነው። ካሶኒውን ከሻንሲው ጋር የያዙት የፋብሪካው ቡሎኖች አሉ፣ እነሱን ተጠቀም ወይም በማቀፊያ ያዘው።

የባጃጁ ማሰሪያ ቀለበቶች ወለሉ ላይ ይበየዱ፣ ግን ከላሜራው ጋር ሳይሆን ከቱቦላሬው ጋር። ስድስት ቀለበት አድርግለት።

ከስፖንዳው በላይ ልሥራልህ ያለህ ሰው ሥራው ስለሚቀለው ነው። ልክ የሚወስደው ጠፍጣፋ ላይ ነው፣ ጉብታ መዞር የለበትም።

ለገጣፎ_ትራንስፖርት

እኔ አነስተኛ የጭነት መኪናዎች አከራያለሁ፣ ስለወረቀቱ ልጨምር። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪናህ በተመዘገበበት አካል እንዲሄድ ነው የሚፈልገው። በብየዳ የተያያዘ ቋሚ ለውጥ ካደረግክ ቦሎ ልታድስ ስትሄድ ጥያቄ ይነሳብሃል። በቡሎን የሚፈታ ከሆነ ግን ሳትጭን ስትቀር አውርደህ ታስቀምጠዋለህ፣ ናፍጣም ይቆጥብልሃል። እንደዚያም ሆኖ ከመሥራትህ በፊት የተመዘገብክበት ቅርንጫፍ ሄደህ ጠይቅ፣ አንድ ግማሽ ቀን ነው የሚፈጅብህ።

ኢንሹራንሱን እንዳትረሳ። በሕግ የግድ የምትገባው ሦስተኛ ወገን ነው። የጫንከው የደንበኛ ባጃጅ በዚያ ውስጥ ይካተታል ብለህ አትተማመን። ለዕቃው ለብቻው ሽፋን እንዲሰጡህ ጠይቃቸው፣ ወለል መጨመርህንም በጽሑፍ አሳውቃቸው። አደጋ ከደረሰ በኋላ «አላሳወቅክም» ከመባል ይሻላል። ከባለ ባጃጁም ጋር የምትረከብበት ወረቀት ይኑርህ፣ ፎቶ አንስተህ።

ሱሉልታ_ጥገና

እህቴ በጣም አመሰግናለሁ፣ ነገ ጠዋት ቅርንጫፉ ጋ እሄዳለሁ። ገላንም እግዜር ይስጥልኝ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ባጃጁን በፊቱ እየገፋን ነው የምናስገባው፣ የፊት ጎማው ጋቢናውን ነክቶ ሲቆም የኋላ ጎማዎቹ ካሶኒው ጠርዝ ላይ ይደርሳሉ። የኋላ ስፖንዳውን ከፍተን እንሄዳለን። ችግር አለው?

ቃሊቲ_መሐንዲስ

አለው፣ መፍትሔው ግን ቀላል ነው፦ በኋላው አስገባው።

የባጃጅ ሞተር ከኋላ ነው። ባዶ ሲሆን ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የኋላ ጎማዎቹ ላይ ያርፋል። በፊቱ ስታስገባው ያ ከባዱ ጎን ካሶኒው ጠርዝ ላይ ይወድቃል። የባጃጁ ማዕከል ከመኪናህ የኋላ አክስ ኋላ ይሆናል፣ የመኪናህን አፍንጫ ያነሳዋል። መሪህ ይቀላል፣ መብራትህ ማታ የፊት ለፊቱን ሹፌር ዓይን ይወጋል፣ አቀበት ላይ ደግሞ ይብሳል። በኋላው ብታስገባው ሞተሩ ጋቢናው ጀርባ ይሆናል። ማዕከሉ ወደ ፊት 60 ሳንቲ አካባቢ ይመጣል፣ 70 ኪሎ የሚሆን ክብደት ከኋላ አክስ ወደ ፊት አክስ ይሻገራል። በጎተራ ሚዛን ብታስመዝነው ታየዋለህ።

አንድ ነገር ብቻ፦ በኋላው ሲገባ የፊት ጎማው ካሶኒው ጠርዝ ላይ ስለሚያርፍ ወለሉን 20 ሳንቲ ሜትር አስረዝመህ አሠራው። እዚያ የሚያርፈው ከ120 ኪሎ ያነሰ ነው። ከጎን ሆኖ የሚያይህ እንዲታየው ጫፉ ላይ ቀይ አንጸባራቂ ለጥፍ፣ የታርጋህና የኋላ መብራትህ መሸፈን አለመሸፈኑንም እይ።

ለሰበታውም ይህን ነው የምለው፣ በቅንነት። ደብል ጋቢና ካሶኒው 1.50 ሜትር ገደማ ነው። ባጃጁን የፈለግከውን ያህል ብታዞረው ግማሽ ሜትር የሚሆነው ከጠርዙ ውጭ ይወጣል። ከፍታውም አለ፣ ተንጠልጣይነቱም አለ። እሱን አቁመው።

ሰበታ_ፈጣን

የተንጠልጣይነቱን ነገር እቀበላለሁ፣ መሪው አቀበት ላይ እንደሚቀል አይቻለሁ። ከፍታው ላይ ግን እስካሁን ልቤ አልገባም፤ እኛ ከ50 በላይ አንነዳም። ለማንኛውም ወለሉን ዝቅ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ብየዳ ቤት አሳያለሁ።

የአባይ_በረሃ_ሹፌር

ከተማከራችሁ በኋላ እኔም ካለሁበት ትንሽ ልንቀሳቀስ። አንድ ባጃጅ፣ ዝቅ ያለ ወለል፣ ሞተሩ ወደ ጋቢና፣ ነጠላ ጋቢና፤ ይህ ከሆነ እኔም ልጄን እልከዋለሁ። ጠዋት ግን፣ ነፋሱ ሳይነሳ። ሸራውንም ፈትታችሁ ጠቅልሉት።

እንጦጦን ስትወርድ ግን ስማኝ። እዚያ ላይ ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማ ነው፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 70 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። የፍሬንህ አጋዥ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ነው። ስለዚህ ሞቃት ቆላ ላይ ቀላል የነበረው ፔዳል እዚያ ላይ ይጠነክርብሃል፣ የእግርህን ጉልበት ይፈልጋል።  ከመውረድህ በፊት ሁለተኛ ግባ፣ ፍሬኑን እየረገጥክ አትያዘው፣ ረግጠህ ልቀቀው፣ ይቀዝቅዝ። በፍሪሲዮን አትውረድ፣ ሞተር አጥፍቶ መውረድማ የሰው ሕይወት ነው፤ አጋዡ ሁለት ሦስት ጊዜ ስትረግጥ ያልቅና ፔዳሉ እንጨት ይሆናል።

ለቡ_መካኒክ

ጋሼ ትክክል ነዎት። ዕድሜው የገፋ የፍሬን ዘይት ደግሞ ውኃ ይጠጣል፣ ሲግል ይፈላል። ሁለት ዓመት ያለፈው ከሆነ ይቀየር።

ስለ አስተሳሰሩ፦ አውሮፓ ውስጥ ጭነት የሚታሰርበት መለኪያ ወደ ፊት የክብደቱን 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ 50 በመቶ መያዝ አለበት ይላል። ለ350 ኪሎ ባጃጅ ወደ ፊት 280፣ ወደ ጎን 175 ኪሎ ማለት ነው። ናይለን ገመድ ይለጠጣል፣ ረግቦም ይፈታል። ባለ መወጠሪያ ቺንጋ ግዛ፣ አራት። ከባጃጁ ሻንሲና ከአክሱ ያዝ፤ መሪውንም የጣሪያውን ቱቦም አትያዝ። የጣሪያውን ከያዝክ ቱቦው ይታጠፋል፣ ቺንጋው ይላላል። ጎማዎቹ ሥር ሽብልቅ በቡሎን አስያዝ፣ ባጃጁን ማርሽ ውስጥ አስገባው፣ የእጅ ፍሬኑንም ሳበው። ከተነሳህ ከ10 ኪሎ ሜትር በኋላ ቁምና ቺንጋውን እንደገና አጥብቅ፣ ጫንጮ ስትደርስም እይ።

ሱሉልታ_ጥገና

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ስፖንዳው ላይ የሚሠራውን ትቼዋለሁ። ከጉብታው ጋር እኩል፣ 2.50 ርዝመት፣ በቡሎን የሚፈታ አሠራለሁ። ወሬው ሳይጠናቀቅ ግን፦ መወጣጫውስ? ሁለት ጣውላ አለን፣ 3 ሜትር ናቸው።

ገላን_ብየዳ

ሁለት ጣውላ ለመኪና ነው። ባጃጅ ባለ ሦስት እግር ስለሆነ የፊት ጎማው መሃል ላይ መርገጫ ይፈልጋል። ሙሉውን ስፋት የሚሸፍን አንድ መወጣጫ ሥራ ወይም ሦስት መስመር። ርዝመቱን 4 ሜትር አድርገው፣ መሃል ላይ የሚታጠፍ፤ ከባጃጁ ጎን አስተኝተህ ትሄዳለህ። ወለልህ 1.10 ላይ ነው፤ በ3 ሜትር መወጣጫ ባጃጁን ለመሳብ 130 ኪሎ ያህል ጉልበት ይፈልጋል፣ በ4 ሜትር ከ100 ያንሳል። በሰው ትከሻ አትግፉት። ጋቢናው ጀርባ ቱቦላሬው ላይ ጠንካራ ቀለበት እበይድልሃለሁ፣ ፓራንኮ (በእጅ የሚሠራ የሰንሰለት መሳቢያ) እሱ ላይ አያይዘህ ከባጃጁ የኋላ ሻንሲ ይዘህ ቀስ እያልክ ሳበው። ከባጃጁ በታች ማንም አይቁም። የመወጣጫው ጫፍ ወለሉን በመንጠቆ ይያዝ፣ መንጠቆውም ፒን ይኑረው፤ መኪናው ትንሽ ወደ ፊት ቢሄድ እንዳይወድቅ። ልኩን ቅዳሜ ይዘህ ና፣ ካሶኒውን ራሴ እለካዋለሁ።